ከነአራሷ የገዛነው ቤት

በእኛ ጊዜ ቤት ሊገዛ የሚሄድ ሰው የሚያየው ጣራና ግድግዳ ነበር። ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያያል፣ ወለሉን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል፣ በቃ፣ ገዢ ነው! ውስጡ ማን እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ትሰሚኛለሽ አንቺ ሂሩት? አንተም ልጄ፣ ያንን ስልክ አስቀምጥና ስማኝ። ተከራይ ያለበት ቤት ልንገዛ ነው፣ እትዬ ምክር ይስጡን ብላችሁ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ እኔ አልጠራኋችሁም። ምክር ደግሞ አላውቅም፤ የማውቀው የደረሰብኝን ነው።

ታዲያ ያኔ እኔና ኃይሌ ላንቻ ነበርን፣ ተከራይ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፣ ሰው ቤት መሸጥ መለወጥ ጀምሯል፣ እኔ ቤት ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፣ ኃይሌ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። አንዱ ሳምሶን፣ ታውቂዋለሽ፣ ሁለተኛዋ ትዕግሥት፣ ያኔ ገና ፊደል ያልጀመረች። አከራያችን ደግሞ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ኧረ ምን ዓይነት ሴት ነበረች! ልጆቹ ሲስቁ ግድግዳውን ትደበድባለች። «እኔ ያከራየሁት ለሰው ነው ወይስ ለትምህርት ቤት?» ትላለች። መብራት በጊዜ አጥፉ፣ ውኃ አታባክኑ፣ እንግዳ አታብዙ። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ስንከራይ አንድ ልጅ ነው ያለኝ ብያት ነበር፣ ምን ላድርግ፣ ልጅ የበዛበትን ሰው ማን ያከራየዋል! እና ትዕግሥትን የእህቴ ልጅ ናት፣ ለትንሽ ቀን ነው የመጣችው እያልኩ ጊዜው ሄደ። ልጄ ሴትዮዋ ፊት «እትዬ» ብላ ነበር የምትጠራኝ፣ እናቷን! እስቲ አስቢው።

ለዚህ ነው ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የነበረው፤ አከራይ መሆን። «ዋናው ቤት እንገባለን» እለዋለሁ ኃይሌን፣ «ከኋላ ያለውን ሰርቪስ እናከራያለን፣ ከኪራዩ እናስቀምጥና ደግሞ ሌላ ሰርቪስ ያለው ቤት እንገዛለን፣ እሱንም እናከራያለን።» ኃይሌ ይስቃል። «አንቺ አንዱንም ሳትገዢ ሦስተኛው ላይ ደረስሽ» ይለኛል። ይሳቅ! እሱ ምን አለበት፣ ቀኑን ቢሮ ነው የሚውለው፣ ግድግዳው የሚደበደበው በእኔ ላይ ነው።

ታዲያ ግርማ የሚባል ደላላ አገኘን። ምላሱ ቅቤ። «ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ካርታ ያለው፣ የግል ይዞታ፣ ዋና ቤትና ሁለት ሰርቪስ፣ ባለቤቱ አቶ ሰለሞን ከእናቱ የወረሰው፣ ምንም ጣጣ የሌለው» አለን። ከዚያ ደግሞ እንደ ቀላል ነገር «ብቻ ዋናው ቤት ውስጥ ተከራይ አለ» አለ።

«ታዲያ ተከራዩ ምን ሊሆን ነው?» አልኩት።

«ባለቤቱ በወሩ መጨረሻ አስወጣለሁ ብሏል፣ ቃሉን ሰጥቷል። ግን አደራ፣ ስናይ ገዢ መሆናችሁን እንዳያውቁ። ተከራይ ቤቱ ሊሸጥ ነው ሲባል ያበላሻል። ጣራው ያፈሳል ይላል፣ ክፉ ጎረቤት አለ ይላል። የባለቤቱ ዘመዶች ነን በሉ፣ እዩና ውጡ።»

እኛም ዘመድ ሆነን ገባን! እኔ ነጠላዬን ደህና አድርጌ ለብሼ፣ ኃይሌ ኮፍያውን ይዞ። ጽጌ የምትባል የተከራዩ ሚስት ሳመችን። «የአቶ ሰለሞን ዘመዶች ከሆናችሁማ ቤታችሁ ነው፣ ግቡ፣ ግቡ» አለችና ብርጭቆ አጥባ ውኃ ሰጠችን፣ ወንበሩን በቀሚሷ ጠረገችልን። እኔ ውኃውን እየጠጣሁ ኮርኒሱን አያለሁ። ማለቴ፣ ጽጌ ታወራኛለች፣ እኔ ግን አልሰማትም፣ የቁም ሳጥኔን ቦታ እየፈለግኩ ነው። ልጆች ይተራመሳሉ፣ ስንት እንደሆኑ እንኳ አላየሁም። የጎረቤት ልጆች ይሆናሉ ብዬ።

ገዛን። ያለንን ሁሉ፣ ከእኔም ጆሮና አንገት የወረደውን፣ ከኃይሌ ወንድም የተበደርነውን፣ ሁሉንም እዚያ ቤት ውስጥ ከተትነው። ስም ዞረ። እና እኔ ዕለቱን ላንቻ ሄጄ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አከራያችን ፊት ቆሜ «ቤት ገዝቻለሁ፣ ትዕግሥትም ልጄ ናት!» አልኳት። አቤት ያቺ ቀን ደስ ስትል! ሴትዮዋም አላረፈችም፣ በነጋታው ቤቱን ለሌላ ሰው ሰጠችው። ወር ሲያልቅ እቃችንን ጭነን ልንወጣ ነው፣ ተመልሰን የምንገባበት ቤት የለንም ማለት ነው። ይህን ያዢልኝ።

ወሩ አለቀ፣ ሰኔ ገባ፣ መኪና ተከራይተን አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ የስፌት መኪናዬን ጫንን፣ ሁለቱን ልጆች ከሾፌሩ ጎን አስቀመጥን። ካዛንቺስ ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሯል። በሩን አንኳኳን። የከፈተው ደምሴ ነው፣ የጽጌ ባል። ረጅም፣ ትከሻው የበሩን መቃን የሚሞላ፣ ግንበኛ ነው፣ ድምፁ መንገድ ማዶ ይሰማል።

«ማንን ፈልጋችሁ ነው?»

«ቤቱን የገዛነው እኛ ነን» አለ ኃይሌ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

ደምሴ እሱን አየው፣ እኔን አየኝ፣ መኪናውን አየ። «እናንተ የአቶ ሰለሞን ዘመዶች አይደላችሁም እንዴ? ቤቴ ገብታችሁ፣ ሚስቴ ውኃ አጠጥታችሁ የሄዳችሁት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! መልስ ሳጣ ደግሞ እኔ እጮኻለሁ፣ ታውቂኛለሽ። «ወሩ አልቋል!» አልኩ። «ባለቤቱ ነግሬያቸዋለሁ፣ ይወጣሉ ብሎናል!»

«ነግሮኛል። እወጣለሁም። ግን አራስ አለች።»

«ምን አለች?»

«አራስ! የባለቤቴ እህት ወልዳ ትናንት ነው ከሆስፒታል ያመጣናት። ይግቡና ጨቅላ ልጅ ታቅፋ ሜዳ ላይ ውጪ ይበሏታ! እርስዎ ይበሏት፣ እኔ አልችልም!»

በዚህ ጊዜ መንደሩ ወጥቷል። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩ እማማ ወርቄ የሚባሉ ባልቴት አሉ፣ የሰፈሩ ዳኛ በያቸው፣ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው «አራስ? ክርስትና ሳይነሳ አራስ ከቤት ልታወጡ? በስመ አብ!» አሉና አማተቡ። ከዚያ ወደ ደምሴ ዞር ብለው «ለመሆኑ ምን አገኘች?» አሉት።

«ሴት» አለ ደምሴ።

«እሰይ፣ ማርያም ታሳድጋት። እንግዲህ ሰማንያ ቀን ነው» አሉ እኔን እያዩኝ፣ ፍርድ እንደሚያነብ ሰው።

ሰማንያ! ወንድ ቢሆን አርባ ነበር። አርባውን እንኳ እንዴት እንደምችለው አላውቅም። ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል። «እትዬ፣ ሌላ ሥራ አለብኝ፣ የት ላራግፈው?» ይላል። ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ላንቻ መመለስ አይቻልም፣ እዚያ ሌላ ሰው ገብቷል። እና ምን እናድርግ፣ ሰርቪሶቹ ባዶ ነበሩ፣ እዚያ አስገባነው። ባዶ የሆኑት ለምን እንደሆነ የገባኝ ማታ ላይ ነው። የጎረቤት ጣራ ውኃ በሙሉ ወርዶ የሚጠራቀመው ከሰርቪሱ ግድግዳ ሥር ነው። ግድግዳው ያለቅሳል፣ በእውነት ያለቅሳል፣ እጅሽን ስታስጠጊው ውኃ ይዞ ይመለሳል። ቁም ሳጥኑ አልገባም፣ ውጭ ላስቲክ አልብሰነው ቆመ።

ታዲያ በገዛ ግቢዬ ተከራይ ሆንኩልሽ! ያውም ሰርቪስ ተከራይ! ዋናው ቤት መብራቱ ይበራል፣ ሬዲዮኑ ይጮሃል፣ ልጆቹ ይራወጣሉ፣ ደምሴ ጠዋት ሲወጣ ማታ ሲገባ አያየኝም፣ እኔም አላየውም። ኃይሌን አቶ ሰለሞን ዘንድ ላክሁት። ምን ብሎት መጣ? «እኔ ሸጬላችኋለሁ፣ ተከራዩም ከቤቱ ጋር የእናንተ ነው።» ግርማ ደላላውማ ከነጥላው ጠፋ። እማማ ወርቄ ደግሞ አንድ ቀን በር ላይ አግኝተውኝ «የኔ ልጅ፣ እንዳትናደጂ እንጂ» አሉኝ፣ «ደምሴ ጠበቃ አነጋግሯል አሉ። ከክርስትናው በኋላ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ፣ በቀጠሮ በቀጠሮ ዓመቱን እገፋዋለሁ ይላል አሉ።»

አየሽ፣ የሰማንያ ቀን ነገር ብቻ አይደለም። ያለንን ሁሉ የከተትንበት ቤት ከእጃችን ሊወጣ ነው። እሱም ይሁን። ግን ትዕግሥት አለች። ልጅቷ እዚያ ክፍል በገባች በሁለተኛው ሳምንት ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። ስትተነፍስ ሲር ሲር ይላል፣ ይህን ድምፅ አሁንም ስናገረው ይሰማኛል። ክሊኒክ ወሰድናት፣ ሐኪሙ ጀርባዋን አዳመጠና «የት ነው የምትተኛው?» አለን። ነገርነው። «ከዚያ ክፍል አውጧት» አለ። «መድኃኒት እሰጣችኋለሁ፣ ግን እዚያው ከመለሳችኋት ደግማችሁ ይዛችኋት ትመጣላችሁ፣ ያኔ እኔም የምለው አይኖረኝም።» እንዲህ ነው ያለኝ፣ ዓይኔን እያየ። የት ነው የማወጣት? ዘመድ ቤት እንዳልል፣ እናትሽ ያኔ ጎጃም ነበረች፣ የኃይሌ ወንድም አንድ ክፍል ውስጥ ከነቤተሰቡ ነው።

ኩራቴን ዋጥ አድርጌ የዋናውን ቤት በር አንኳኳሁ። የራሴን በር! «አቶ ደምሴ፣ ለእኔ አይደለም» አልኩት። «ልጅቷ ብቻ ሳሎን ጥግ ላይ ፍራሽ ይነጠፍላት፣ ደረቅ ቦታ ትተኛ፣ ሌላ አልጠይቅም።» መሬት መሬቱን አየ። የሚል መስሎኝ ነበር፣ እሺ የሚል። ከዚያ «አራስ ቤት ውስጥ የምታስል ልጅ? ጨቅላዋ ቢይዛትስ?» አለና በሩን ዘጋው። ቀስ ብሎ ነው የዘጋው፣ ቢያጋጨው ይሻለኝ ነበር።

ያን ዕለት አበድኩ። ኃይሌ ከሥራ ሲመጣ «ነገ ሰው ቀጥሬ ቆርቆሮውን አወርድበታለሁ!» አልኩት።

«አራስ ላይ?»

«አራስ ላይ!»

«ከዚያ በኋላ እዚህ ሰፈር ስንሞት የሚቀብረን ማን ነው?»

«አሁን ልጄ ናት የምትሞተው!» ብዬ ጮህኩበት። እሱ ትዕግሥትን ታቅፎ ጀርባዋን ያሻል። «እንዲያው እኮ» አለ፣ «አንድ ቀን እንኳ ገብተን እንኳን ማርያም ማረችሽ አላልናትም። ጎረቤት ነን፣ አራስ አልጠየቅንም። ሰው ቢጠላን አይፈረድበትም።» ስለ ልጄ ሳወራው እሱ ስለ አራስ ጥየቃ! እንዲህ ያለ ባል ነው የሰጠኝ።

ግን ሲነጋ አጥሚት አፈላሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ልመና አማርሮኝ ይሁን፣ ቢያንስ ሴትየዋን ለምኜ ልሞክር ብዬ ይሁን። ደምሴ ሥራ ሄዷል፣ ጽጌ ገበያ ሄዳለች፣ ልጆቹ ትምህርት ስለተዘጋ ውጭ ይሯሯጣሉ። ገባሁ። አልማዝ ትባላለች፣ ልጅ እግር ናት፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፣ አልጋው ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት። «ማርያም ታኑርዎ» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። ምነው አልኩ በሆዴ። አጥሚቱን ጠጣችልኝ። ከዚያ «እትዬ፣ አንድ አፍታ ይያዙልኝ፣ ጓሮ ደርሼ ልምጣ፣ ጨቅላ ለብቻ አይተዉም» አለችና አስታቀፈችኝ።

ታቀፍኩ። ሕፃን ምን ያውቃል፣ የደምሴ ወገን አይደለም የእኔ ጠላት አይደለም፣ ይሸታል እንደ ሕፃን። ጥቂት ቆይቶ ማልቀስ ጀመረ፣ ስዳብሰው ርሷል። መቼም እናት ነኝ፣ ርሶ እያለቀሰ ዝም ልበለው? ጨርቁን ፈታሁ፣ አንዱን ገለጥኩ፣ ሌላውን ገለጥኩ፣ ከዚያ ምን አለፋሽ፣ ሽቅብ ሸናብኝ! ፊቴ ላይ! ሴት ልጅ እንዲህ አትሸናም! ዓይኔን ጠርጌ ባይ ወንድ ነው። ወንድ! ሙሉ ወንድ!

ሰማንያው ወደ አርባ ሲወርድ በጭንቅላቴ ውስጥ ይታየኛል። ልክ ልጮህ አፌን ስከፍት አልማዝ በሩ ላይ ደርሳለች። ጨርቁ ተገልጦ አየች፣ እኔን አየችኝ፣ ተንበረከከች።

«በማርያም አይጩሁ እትዬ!»

«ሴት ነው ያለው ማን ነው?» አልኩ።

«ደምሴ ነው። ጽጌ አልቅሳ ለምናዋለች፣ እሺ አላላትም። ሰማንያ ቀን ካገኘሁ ቤት ፈልጌ እወጣለሁ አለ።»

«አርባው መቼ ነው?»

«የፊታችን እሑድ» አለችና እንባዋ ወረደ። «ክርስትናውም ከሰማንያው በፊት አይሆንም፣ ሰው ያውቅብናል አለኝ። እትዬ፣ አርባው ካለፈ በኋላ ልጄ አንድ ነገር ቢሆንብኝስ? ሳይጠመቅ ቢሞትብኝስ? ወሎ ሰፈር ነበር ቤታችን፣ ባሌ የከባድ መኪና ረዳት ነው፣ ጅቡቲ መስመር ላይ ነው ያለው። ሲሄድ አደራ አርባውን እንዳታሳልፊ ብሎኛል። ግን የተጠለልኩበት ቤት ነው፣ የእህቴ እንጀራ ነው የምበላው፣ ምን ብዬ ልናገር?»

ታዲያ ሂሩትዬ፣ ወጥቼ መንደሩን ብጠራ ማን ይፈርድብኛል? እግሬ እስከ በሩ ሄዶ ነበር። ግን ልጅቷን አየኋት፣ ስለ ልጇ ትንፋሽ ትፈራለች፣ እኔም ከግድግዳው ማዶ ያችን የምታፏጭ ልጄን እሰማለሁ። ተመልሼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። «ስሚ» አልኳት፣ «እሑድ ልጅሽ ክርስትና ይነሳል። ክርስትና አባት ማን አለው?» ማንም የለውም አለች። «ኃይሌ ያነሳዋል» አልኳት። ኃይሌን ሳልጠይቅ!

ማታ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። «ክርስትና ማንሳት ቀልድ መሰለሽ? ካነሳሁት ልጄ ነው። ሰው ከቤት ለማስወጣት ብዬ ክርስትና አላነሳም» አለ።

«እንግዲያው ሳይጠመቅ ይቅራ!»

ዞሮ የትዕግሥትን ብርድ ልብስ አስተካከለ። «አነሳዋለሁ» አለ። «ግን ካነሳሁት በኋላ ዘመዶቹን በር ላይ አልጥልም። ይህን አሁን እወቂው።»

እሺ አልኩ። በአፌ ነው እሺ ያልኩት፣ በሆዴ ግን እናያለን ነው ያልኩት።

እሑድ ጎህ ሳይቀድ ወጣን፤ እኔ፣ ኃይሌ፣ አልማዝ ልጇን ታቅፋ። የውጭውን በር መወርወሪያ እንዴት እናንሳው ስንል ማን ቀድሞን ቆሟል? ጽጌ! መወርወሪያውን ቀስ አድርጋ አነሳችልንና የእህቷን ልጅ ግንባር ስማ ተመለሰች። ቤተ ክርስቲያን ደረስን፣ ቄሱ «ወንድ ነው ሴት?» ብለው ሲጠይቁ አልማዝ «ወንድ» ያለችበት ድምፅ፣ አሁን እንኳ ልቤን ይነካኛል፣ አርባ ቀን ሙሉ የያዘችው ትንፋሽ ነው የወጣው። ገብረ ሚካኤል ተባለ። ዞር ስል እማማ ወርቄ ምሰሶ ተደግፈው ያዩናል፣ ለቅዳሴ መጥተው። ዓይናቸው እንደ ብርጭቆ ፈጧል። በቃ፣ ያለቀ ነገር ነው አልኩ። እሳቸው ካወቁ ካዛንቺስ አወቀች።

እና ስንመለስ እሳቸው ቀድመውናል፣ መንደሩ በሙሉ በራችን ላይ ነው። ደምሴ መሐል ላይ ቆሟል፣ ሸሚዙን እንኳ አልቆለፈም። እኔ እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። «ማን ፈቅዶላችሁ ነው?» አለ። ለእኔ ነው።

አልማዝ ቀደመችኝ። «እኔ ነኝ» አለችው። «እኔ እናቱ።»

እማማ ወርቄም «ደምሴ፣ ሴት ናት አላልከንም እንዴ?» አሉ። አንድ ሰው አልሳቀም፣ እኔ የሚስቁ መስሎኝ ነበር። ደምሴ እጁ ተነሳ፣ በእኔ ላይ ይሁን በአልማዝ ላይ አላውቅም፣ ብቻ ያ የግንበኛ እጅ ወደ ላይ ሲሄድ አየሁ። ኃይሌ፣ ያ ንብረት ክፍል ውስጥ ሲቆጥር የሚውለው ባሌ፣ ሕፃኑን ከአልማዝ ክንድ ወሰደና ቀጥ ብሎ ሄዶ «እንካ፣ ያዘው» ብሎ ደምሴ ደረት ላይ አደረገለት። «ልጁ ክርስቲያን ሆኗል። ክርስትና አባቱ እኔ ነኝ።» ሰውዬው ምን ያድርግ፣ ሕፃን እንዳይወድቅ ያዘ። ሁለት እጁም ተያዘ።

ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ያ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። «ስድስት ልጅ አለኝ» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «ያላንኳኳሁት በር የለም። ስንት ልጅ አለህ ይሉኛል። ስድስት ስል ቤቱ ተይዟል ይላሉ። አንዷ ሦስቱን ለዘመድ ስጥና ና አለችኝ።» ቀና አለና እኔን አየኝ። «የትኞቹን ሦስት ልስጥ?»

አዘንኩለት፣ ምን ልዋሽሽ። ልጄ እትዬ ብላ ስትጠራኝ ታየኝ። ግን ቁጣዬም አልበረደም፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ፣ አታውቂም እንጂ። «የእኔዋስ?» አልኩት። «የእኔዋን ለማን ልስጣት? ደረቅ ቦታ ስለምንህ በሩን ዘጋህብኝ!»

«ካስገባኋት ልጅሽ ልቤን ታራራዋለች ብዬ ፈራሁ» አለ። እንዲህ ብሎ መለሰ። አንቺ አለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ኃይሌ ያየኛል። ቃልሽን አስታውሺ በሚል ዓይን። ተናደድኩ፣ በእሱም ተናደድኩ፣ በደምሴም፣ ያን ማታ እሺ ባልኩበት አፌም። «ተነስ» አልኩት ደምሴን። «ግንበኛ አይደለህ? የሰርቪሱን ፍሳሽ ቆፍረህ ወደ መንገድ ታወጣዋለህ፣ ግድግዳውን ትለስናለህ፣ ሲሚንቶውን እኛ እንገዛለን። ዋናው ቤት የእኔ ነው፣ ሰርቪሱ የአንተ፣ ኪራይ ትከፍላለህ፣ ስድስቱንም ይዘህ ትገባለህ። እስኪደርቅ ልጆችህ ሳሎን ይደሩ፣ አራሷም ካለችበት አትነሳም። ግን ዛሬ፣ ዛሬውኑ፣ ልጄ ደረቅ ቤት ታድራለች!»

ተነሳ። ሕፃኑን ለእናቱ ሰጠና መጀመሪያ የሄደው የት መሰለሽ? ሰርቪስ ገብቶ ትዕግሥትን ከነብርድ ልብሷ አቅፎ ይዟት ወጣ፣ ዋናው ቤት ውስጥ የራሱ አልጋ ላይ አስተኛት። ከዚያ መንደሩ እቃ ማንሳት ጀመረ፣ የእኛ አልጋ ሲገባ የእነሱ አልጋ ሲወጣ ግቢው መሐል ተያዙ፣ አንዱ በዚህ አዙር ይላል፣ ሌላው በዚያ፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ እማማ ወርቄ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ያስተናብራሉ። ያን ሌሊት ስምንት ልጅ ሳሎን ውስጥ ተደርድሮ ተኛ። ትዕግሥት ክረምቱ ሳያልቅ ደረቷ ዝም አለ፣ አሁን እሷ ራሷ የልጆች እናት ናት።

ኪራይ? ደምሴ ይከፍል ነበር፣ ሲያገኝ። ሳያገኝ ደግሞ አጥር ይጠግናል፣ ወይም አይጠግንም። እኔም ያ ሁለተኛው ቤት፣ ያ ሦስተኛው ቤት ያልኩት ሁሉ ቀረ፣ አንዱ በቅቶኛል። እና ልጆቼ፣ ዘመድ ነን ብላችሁ አትግቡ። ገዢ ነን ብላችሁ፣ በስማችሁ አንኳኩ። ስንት ናችሁ፣ ከዚህ ወዴት ልትሄዱ ነው ብላችሁ ጠይቁ። የሚሄዱበት ከሌላቸው የሸጡላችሁ ካርታውን ነው እንጂ ቤቱን አይደለም። በቃ፣ ይኸው ነው የማውቀው።

«አንኳኩተንማ ገብተናል እትዬ» አለች ሂሩት። «ገዢ ነን ብለን፣ በስማችን። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ሁለት ናቸው ባልና ሚስት፣ ሁለት ወር ይበቃናል፣ እንወጣለን ብለውናል። ብቻ ሴትየዋ…»

ሴትየዋ ምን?

«እርጉዝ ናት።»

(እትዬ ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ሳቁን በአንድ ጊዜ አቆሙ።)

ስንት ወሯ ነው?